ስድስተኛው ላይ ያለው ዝምታ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ባለቤቴም ተማሪዎቼም ያውቁታል። መሐል ሜዳ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬም ውሻ ሲጮህ መንገድ እቀይራለሁ፣ ነጎድጓድ ሲጀምር ከመስኮት እሸሻለሁ፣ ስልክ ካልተለመደ ሰዓት ከጮኸ ከማንሣቴ በፊት አማትባለሁ። ስለዚህ ስለ አንድ የጊታር ካሴት ልጽፍ ተነሥቼ ስለ ፍርሃት ብጽፍ የሚያውቁኝ አይገረሙም። ካሴቱን የወደድኩት በፍርሃት ነው። ከዚያ ካሴት ላይ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን አንድ ዜማ መስማት የተውኩትም በፍርሃት ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። አዲስ ተመድቤ ስመጣ፣ ከደብረ ብርሃን በጠዋት የተነሣው አውቶቡስ ጣርማ በርንና መዘዞን አልፎ ሞላሌ ላይ ለሻይ ቆመ። ሾፌሩ እስከዚያ ድረስ ያገኘውን ዘፈን ሁሉ እያስጮኸ ነበር የመጣው። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ግን ቴፑ ውስጥ ያለውን አወጣና ከራሱ በላይ፣ ከፀሐይ መከላከያው ሥር በላስቲክ ታስሮ የተሸጎጠ ሌላ ካሴት መዘዘ። ከተተው። ሞተሩን አስነሣና የመጀመሪያዋን ጠመዝማዛ እስኪይዝ ጠብቆ ቁልፉን ተጫነ።

ዘፋኝ አልነበረውም። አንድ ጊታር፣ ከኋላው ቀስ ብሎ የሚራመድ ቤዝ፣ አልፎ አልፎ በመዳፍ የሚመታ ከበሮ፤ ሌላ ምንም የለም።

የተቀመጥኩት ከሾፌሩ ጀርባ መስኮት ሥር ነበር፤ ከመስኮቱ በታች ደግሞ ገደል ነበር። መንገዱ ያኔ ጠጠር ስለነበር ጎማው ጠርዙን ሲነካ ድንጋይ እየተንከባለለ ሲወርድ ይሰማል፤ የት እንደሚያርፍ ግን አይሰማም። ላብ አጠመቀኝ። የያዝኩት የወንበር ብረት እርጥብ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጉድ ነው እንደሚል ሰው አዩኝና ዶሯቸውን ወደ ራሳቸው አስጠጉ። ዓይኔን ጨፍኜ የምይዘው ነገር ስፈልግ ያገኘሁት ጊታሩን ብቻ ነበር። እሱ ሲወጣ ወጣሁ፣ እሱ ሲዞር ዞርኩ። ዓይኔን ስገልጥ ጓሳ ሜዳው ላይ ነበርን፤ ሣሩና ጉሙ ብቻ ይታያል። ሾፌሩ ባንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ካሴቱን ገለበጠ። ሁለተኛው ገጽ አልቆ ቴፑ ቀጭ ሲል የመሐል ሜዳ ቆርቆሮዎች ታዩ።

ስወርድ ሾፌሩን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ካሴቱ የማን ነው?»

የጊታር ተጫዋቹን ስም ነገረኝና ሳቀ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ ዓለም ከተማ ተወልዶ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት መንዳት የተማረ።

«የመጀመሪያው ካሴቱ ነው። ገና ልጅ ሆኖ ያወጣው። ከዚህ በኋላ ያወጣቸውን ተዋቸው» አለኝ።

«እስከ ሞላሌ ግን ዘፈን ነበር የከፈቱት።»

«ቃል ያለው ዘፈን ሜዳ ላይ ነው መምህር። ገደል ላይ ቃል አልሰማም። ዘፋኙ ትታኝ ሄደች ሲለኝ የኔዋ ትታኝ የሄደችው ትዝ ይለኛል፤ እኔን ትዝ ሲለኝ ይኼ ሁሉ ሰው ገደል ይገባል። ይኼ ልጅ ግን ምንም አይለኝም። ከእጄ ጋር ብቻ ነው የሚሄድ።»

ከዚያ ወዲያ በየዕረፍቱ ስመላለስ እሱ የሚነዳውን አውቶቡስ ጠብቄ ነበር የምሳፈረው። ሁልጊዜ ከሞላሌ ሲነሣ ይከፍተዋል፤ ሁልጊዜ ጓሳ ላይ ይገለብጠዋል። ስምንት ዜማ ነው፣ በየገጹ አራት አራት። ዓመታት ሲያልፉ የትኛው ኩርባ በየትኛው ዜማ እንደሚመጣ በቃሌ ያዝኩት። መንገዱ አንዴ ሲጠገን አንዴ ሲበላሽ፣ ጊዜው ያው ሆኖ ቀርቷል።

ስለ ሙዚቃው ትንሽ ልናገር፤ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፣ ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

የመጀመሪያው ዜማ ጉራ ነው። በባቲ ቅኝት ነው የሚጫወተው፤ ጣቶቹ ይሯሯጣሉ፣ አንዱ ድምፅ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ባለቤቴ መጀመሪያ ያሰማኋት ቀን «ስንት ጣት ነው ያለው?» ብላ ጠይቃኛለች። ልጅ ነው፣ የሚችለውን ሁሉ ባንዴ ማሳየት ይፈልጋል፤ እኔም በመጀመሪያው የማስተማር ቀኔ ሰሌዳውን እንዲሁ ሞልቼው ነበርና አልፈርድበትም። ሁለተኛው ይረጋል። ሦስተኛው ላይ ታችኛውን አውታር በምን እንዳስነዘረው አላውቅም፣ እንደ በገና ያነዝረዋል። ሁዳዴ ጾም ውስጥ ከጎረቤት ግድግዳ ባሻገር የሚሰማ በገና ነው የሚመስለው። አራተኛውን አልወደውም። ለምን እንደማልወደው ሾፌሩን ብጠይቀው «ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስለሚመጣ ነው፤ ፍርሃትህ ስለሚለቅህ አትሰማውም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስድስተኛው ትዝታ ነው። ትዝታን ጊታር ላይ ያልተጫወተ የለም፤ ይህኛው ግን የሚጀምረው ገና ጊታር የገዛ ሰው እንደሚጫወተው ነው፣ ያለ አንዳች ጌጥ። ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል። አራተኛው ላይ፣ ጆሮ የመጨረሻዋን ድምፅ ሲጠብቅ፣ ያቆማል። ቤዙም ያቆማል። የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ትንፋሹ ይሰማል። እኛ ክፍል ውስጥ ተማሪ መልሱ ጠፍቶት ሰሌዳው ፊት ሲቆም የሚመጣው ዓይነት ዝምታ ነው። ከዚያ ተመልሶ ሲመጣ የተጠበቀችውን ድምፅ አይመታትም፤ ከላይ፣ ማንም ካልጠበቀው ቦታ ይጀምርና ሳይቸኩል፣ አንድ በአንድ እየረገጠ ወርዶ፣ መጨረሻ ላይ ያቺን የቀረችውን ድምፅ ያስቀምጣታል። እዚያች ላይ ሁልጊዜ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

በኋላ ስመ ጥር ሆነ። ኋላ የወጡት ካሴቶቹም አሉኝ፤ ኪቦርድ አለ፣ አጨብጫቢ አለ፣ ጣቱም ይበልጥ ፈጥኗል። ጎበዝ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ከዚያ በኋላ የትም ካሴት ላይ ዝም ብሎ አያውቅም። ሰው እየሰማው መሆኑን ሲያውቅ ዝም ማለት የፈራ ይመስለኛል። ፈሪን ፈሪ ያውቀዋል።

ሾፌሩ ጉልበቱን ታሞ ሥራ ሲያቆም ካሴቱን ከነላስቲኩ ሰጠኝ። «አንተ እየፈራህ ነው የምትሰማው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ሳቄን አይተህ ነው እንጂ» አለኝ። ይህን ከሱ አፍ መስማቴ አስደነገጠኝ። ያን ሁሉ ዓመት ነፍሴን አደራ የሰጠሁት ለሌላ ፈሪ ኖሯል።

ሴት ልጄ ያደገችው በዚህ ካሴት ነው። ትንሽ ሳለች ወንበሮቹን ሁለት ሁለት እየደረደርን አውቶቡስ እንሠራለን፤ እኔ ሾፌር እሆናለሁ፣ እናቷ ተሳፋሪ ትሆናለች፣ እሷ ረዳት ትሆንና ቆማ ትጮኻለች። ዜማው እየሄደ «አሁን የት ደረስን?» እላታለሁ። «ጓሳ! ገልብጠው!» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም።

ለትምህርት ደብረ ብርሃን ስትሄድ ታዲያ ሳንመካከር አንድ ልማድ አወጣን። ለዕረፍት ስትመጣ ሞላሌ ላይ ሻይ ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ትደውላለች። «አባዬ፣ ክፈተው» ትለኛለች። እከፍተዋለሁ። የዛሬ ሾፌሮች ያንን ካሴት አያውቁትም፤ እሷ በጭንቅላቷ ይዛው ትመጣለች፣ እኔ ቤት ውስጥ እሰማዋለሁ። ስምንተኛው ሲያልቅ ጫማዬን አደርግና መናኸሪያ ሄጄ እቀበላታለሁ። ብዙውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልጠብቅም።

ያ ቀን የመጣው መንገዱ አንድ ሳምንት እየተዘጋ አንድ ሳምንት በሚከፈትበት ሰሞን ነው። ማን እንደዘጋው፣ ማን እንደከፈተው የሚነግረን አልነበረም፤ የሚነገረንም እርስ በርሱ አይገጥምም። እንዳትመጣ ለምኛት ነበር። «አባዬ፣ ሁሉም እየሄደ ነው። ማደሪያው ባዶ ሆኖ እዚህ ብቻዬን ብቀር አይብስም?» አለችኝ። ሁለቱንም ፈራሁት፤ ሁለት የሚያስፈራ ነገር ሲቀርብልኝ መምረጥ አልችልም። እሷው መረጠች።

ጠዋት ገና ስነሣ ወደ ቴፑ ሄድኩ። ካሴቱን በእስክሪብቶ እያሽከረከርኩ ወደ መጀመሪያው አጠነጠንኩት። ቴፑ ራሱ ማጠንጠን ይችላል፤ ግን ክሩ አርጅቷል፣ ድንገት ይበጠሳል ብዬ እፈራለሁ። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች የበግ ፀጉር ትፈትላለች። እንዝርቷን እያሾረች ታየኛለች።

«ምነው ቁጭ ብትል?» አለችኝ።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«ቆመሃል።»

ቆሜ ነበር።

አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። «አባዬ፣ ሞላሌ ነን። ልንነሣ ነው፣ ክፈተው» አለች። ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«መንገዱ እንዴት ነው? ሰው ምን...»

ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። የባለቤቴን ስልክ ሞከርኩ፤ የለም። ወጥቼ ጎረቤቴን በአጥር ላይ ጠየቅሁት፤ የሱም የለም። ሮጬ ገብቼ የቴፑን ቁልፍ ተጫንኩ። የዘገየሁት ሁለት ደቂቃ ይሆናል፤ እሷን መንገድ ላይ ጥዬ ሌላ ቦታ እንደቆየሁ ነው የተሰማኝ።

የመጀመሪያው ዜማ ጣቱን እያሳየ አለፈ። ሁለተኛውም በሰላም አለፈ። ሦስተኛው ላይ፣ በገናው እየነዘረ ሳለ፣ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋት ለመሐል ሜዳ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን ደሜ ቀጥ አለ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቴፕ ቆመ ብሎ አውቶቡስ አይቆምም። ያን ጊዜ ግን ያወቅሁት ሌላ ነበር፤ ጊታሩ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ከገደሉ በላይ ያለችው ኩርባ ላይ፣ ልጄ ቆማ ታየችኝ።

«ድንጋይ! የባትሪ ድንጋይ የት አለ?» አልኩ።

«መስኮቱ ላይ» አለች ባለቤቴ ሳትነሣ። ያረጁ የቴፕ ድንጋዮች ትንሽ ጉልበት ይገዙ እንደሆነ ብላ ፀሐይ ላይ አስጥታቸው ነበር። ስድስት ናቸው። እየተጣደፍኩ ከተትኳቸው፤ አንዱን ገልብጬ ከትቼው ኖሮ አልሠራም አለ። አውጥቼ አስተካከልኩት። ተነሣ፣ ግን እንዴት ተነሣ! ድንጋዩ ደክሟል፤ ክሩ ይጎተታል። በገናው ወደ ታች ወረደ፤ የሰው ማቃሰት የሚመስል ድምፅ ሆነ። ከበሮው ሲመታ ሁለተኛው ምት የሚመጣ አይመስልም።

ባለቤቴ ፈትሉን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ የምትጠብቀው ቴፑን ነው ልጅቷን?» አለችኝ። ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ ድምጿ ግን አልታዘዘላትም። ያኔ ነው እሷም እንደምትፈራ ያወቅሁት። ሃያ ዓመት እኔ ስፈራ እሷ የማትፈራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለአንድ ቤት አንድ ፈሪ ይበቃል ብላ ፍርሃቱን ለእኔ ትታልኝ ነው።

አራተኛውን፣ ያን የማልወደውን፣ በዚያ ጉተታ ሰማሁት። ረዘመ። እንደ ሒሳብ ሰው ሰዓቴን እያየሁ ስንት ደቂቃ እንደዘገየ አሰላለሁ፤ ሰባት ደቂቃ ዘገየ። ገጹ አልቆ ቀጭ ሊል ሲል መብራት መጣ።

የተሰማኝን ደስታ ልደብቅ አልፈልግም፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው። ካሴቱን ገለበጥኩት፤ ቴፑን መብራቱ ላይ ሰካሁት፤ ጊታሩ ጥርት ብሎ፣ በሙሉ ፍጥነቱ መጣ። ጓሳን ወጣች አልኩ። ክፉው መንገድ አለፈ፣ ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው አልኩ። አምስተኛው እየተጫወተ ትከሻዬ ወረደ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተደገፍኩ። ስድስተኛው ጀመረ። ያን ያለ ጌጥ የሚጫወተውን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «ነይ እስቲ፣ እዚች ላይ ስሚ» አልኳት ባለቤቴን። ዝምታው መጣ። ወንበሩ ተንቋቋ፤ ትንፋሹ ተሰማ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከላይ ጀምሮ ሲወርድ፣ ያቺን ድምፅ ሲያስቀምጣት፣ ፈገግ አልኩ። ዕድሜ ልኬን ከሰማሁት ሁሉ ያን ቀን የሰማሁት ይበልጥ አማረኝ። «አይ ልጅ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ባለቤቴ በሩ ላይ ሆና አይታኛለች።

ስምንተኛው ሲያልቅ ጫማዬን አድርጌ መናኸሪያ ሄድኩ።

አውቶቡሱ የለም። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ዐሥር ጠበቅሁ። ሌሎችም የሚጠብቁ ነበሩ፤ መጀመሪያ ላይ ተራርቀን ቆመን ነበር፣ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ማንም ሳይጠራን ተጠጋጋን። አንድ በቅሎ የሚጎትቱ አዛውንት ከጓሳ በኩል መጡ።

«አባቴ፣ መንገድ ላይ አውቶቡስ አላዩም?» አልኳቸው።

«አውቶቡስስ አላየሁም ልጄ። ጉም ነው ያለው። ተኩስ ግን ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

«ረፋዱ ላይ። አንዴ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የለም።» በቅሏቸውን ጎተት አድርገው ሄዱ።

ምን እንዳደረግሁ በቅደም ተከተል አላስታውስም። አንዲት ሴት መሬት ተቀመጠች፤ እኔ እንዳልቀመጥ የመናኸሪያውን ግንብ ይዤ ነበር። ከተቀመጥኩ የምነሣ አልመሰለኝም። ባለቤቴ መጣች፤ አጠገቤ ቆመች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስልኬን አወጣለሁ፣ አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ያን ሁሉ ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ዜማ አልነበረም። ልፈልገው ሞክሬ ነበር፤ የመጀመሪያውን እንኳ፣ ያን ጉረኛውን፣ ላገኘው አልቻልኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ከጉሙ ወጣ። የፊት መስተዋቱ ተሰነጣጥቋል። ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ ሰው ሁሉ እየሮጠ ከጎኑ ሄደ። እሷ የወረደችው ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው። የአንገት ልብሷ የለም። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ጭቃ ነው። እናቷ ይዛ ሳመቻት፤ እኔ እጇን ያዝኩና ጣቶቿን መቁጠር ጀመርኩ። አዎ፣ ጣቶቿን ቆጠርኩ። ዐሥር ሆነው እንደገና ቆጠርኩ።

ቤት ገብተን፣ ትኩስ ነገር ጠጥታ፣ ጋቢ ተጠቅልላ ነው የነገረችን። ከሞላሌ ተነሥተው ጓሳ ወጥተው ነበር። ጉም ውስጥ አንድ ጥይት ተተኮሰ፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ውረዱ አሏቸው። የማን ወገን እንደሆኑ አታውቅም፤ ፊታቸው ተሸፍኗል። ስልክ ሰበሰቡ። ሣሩ ላይ ተንበርከኩ፣ እጃችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ አሉ። አጠገቧ የተቀመጠውን ልጅ ስሙን ጠይቀው ወደ ጉሙ ይዘውት ገቡ። ብዙ ቆይተው መለሱት፤ ከተመለሰ በኋላ እዚህ እስኪደርሱ ድረስ አልተናገረም።

«ስድስተኛው ላይ ነው ያስወረዱን» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«በጭንቅላቴ እየሰማሁት ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ሦስት ጊዜ ተጫውቶት አራተኛው ላይ ዝም ሲል ነው ጥይቱ የተተኮሰው። ከዚያ አልቀጠልኩትም አባዬ። ቀጥዬ ያቺን የመጨረሻዋን ከመታኋት የሆነ ነገር የሚሆን መሰለኝ። ዝምታው ውስጥ ቆየሁ። እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ እሱ ሲተነፍስ ብቻ ነበር የምሰማው። አውቶቡሱ እንደገና ሲነሣ ነው የጨረስኩት።»

ባለቤቴ ወደ እኔ አላየችም። እንዝርቷን አንሥታ ነበር፤ ጣቶቿ ላይ ቆሟል።

አስልቼዋለሁ። ሳልፈልግ፣ እዚያው ተቀምጬ፣ ጭንቅላቴ አሰላው። እኔ ሁለት ደቂቃ ዘግይቼ ነው የከፈትኩት፤ መብራቱ ሲጠፋ ድንጋይ እስካስገባ ጥቂት ደቂቃ፤ ድንጋዩ ሲጎተት ሰባት ደቂቃ። እኔ ስድስተኛው ላይ ስደርስ እሷን ካስወረዷት ሩብ ሰዓት ያህል ሆኖ ነበር። መብራት ጠፍቶ እየተጣደፍኩ ድንጋይ ስገለብጥ ልጄ ምንም አልሆነችም፤ በመስኮት ሣር እያየች ነበር። የፈራሁት በማያስፈራው ሰዓት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ፈገግ ባልኩ ሰዓት፣ «አይ ልጅ!» ባልኩ ሰዓት፣ ሰው ጠመንጃ ይዞ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር።

«አንተስ አባዬ?» አለችኝ። «ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ምን ታደርግ ነበር?»

«እጸልይ ነበር» አልኳት።

እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። ልጄ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደጠበቀችው ዓይነት ነው። «አውቄው ነበር» አለች። «የሆነ ሰው እየጸለየልኝ እንደሆነ ታውቆኝ ነበር።» ከዚያ ጋቢው ውስጥ ገባችና እንደ ልጅነቷ ተጠቅልላ ተኛች። እኔ በኀፍረት ውሃ ሆንኩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ በሩ ላይ ሆና ፈገግታዬን ያየች እሷ ናት። እንዝርቱን መልሳ አሾረችው። እስከዛሬ ስለዚያ ቃል አልተነጋገርንም።

ልጄ ዛሬም ትመላለሳለች። ስልክ ሲኖር ትደውላለች፤ «አባዬ፣ ክፈተው» ትለኛለች። ከዚያ ቀን በኋላ ልማዱን የምንተው መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን አልተወችም፤ እኔም ብተወውና ለምን እንደተውኩት ብትጠይቀኝ የምነግራት ነገር ስለሌለኝ እከፍተዋለሁ። ድንጋዩን አዲስ ነው የምገዛው፤ መብራት ቢኖርም ባይኖርም በድንጋይ ነው የማስኬደው። የመጀመሪያው ጉራውን ይነዛል፤ ሦስተኛው ይነዝራል። አራተኛውን አሁን እንደ ሌሎቹ እሰማዋለሁ።

አምስተኛው ሲያልቅ እነሣለሁ። ጫማዬን አወልቄ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምርና ጮክ አድርጌ እደግማለሁ፤ ጮክ የምለው ፈጣሪ እንዲሰማኝ ብቻ አይደለም፣ ጊታሩ እንዳይሰማኝም ነው። ያን ቀን ለልጄ የነገርኳትን በየጊዜው እውነት አደርገዋለሁ። የዚያን ቀኑን ግን እውነት ላደርገው አልችልም፤ ያን አውቃለሁ።

ዝምታው ስንት ሴኮንድ እንደሆነ ድሮ ልቅም አድርጌ አውቅ ነበር። አሁን ጠፍቶብኛል፤ የቱ ላይ ዝም እንዳለ፣ የቱ ላይ እንደቀጠለ ከጸሎቴ ውስጥ ሆኜ አልለየውም። የሚለይልኝ ሌላ ሰው ነው። ባለቤቴ ፈትሏን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ያቺ የቀረችው ድምፅ ተቀምጣ ስታበቃ ትከሻዬን ትነካኛለች።

«አለፈ» ትለኛለች። ያኔ እቀመጣለሁ።